የነቃ ዓሣ እንዳታርድ

ማንኩሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ለእታለም ልጅ ለምስክር፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? የዚያ አገር ብርድ አጥንትህን ሳይነካው፣ የሰው ፊት ሳያሳፍርህ፣ የእናትህ አምላክ በሄድህበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ያመጣው ይመልሰው ብየ ትቸዋለሁ። የአገሩ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችን ክንፈሚካኤል «ደብዳቤሽን ለሹፌር ስጭልኝ፣ እኔ ፎቶ አንስቸ እልክለታለሁ» ብሎ ስለላከብኝ ይኸው ጻፍሁ። በጽሕፈቴ እንዳትስቅ! የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነኝ። እናትህና እኔ የእኅትማማች ልጆች አንድ ወንበር ላይ ነበር የተማርን፤ እሷ ስታንቀላፋ የእሷንም የምጽፍላት እኔ ነበርሁ፣ ነፍሷን ይማረውና።

የኩሬውን ነገር ሰምተሃል። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ያች ከምንጩ በታች ያለችው ረግረግ ጤፍ እምቢ አለችኝ። የግብርናው ልጅ መጥቶ «እትዬ፣ ዓሣ ያርቡባት» ቢለኝ አገሩ ሳቀብኝ። «ወይኒቱ ደግሞ ውኃ ልታርስ ተነሣች» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁና አስቆፈርሁ። ከባሕር ዳር ቀረሶና አምባዛ አመጡልኝ፤ ፉርሽካና አተላ እየበተንሁ እንደ ጫጩት አሳደግኋቸው። የቀረው መሬት በልጆች ድርሻ ሄዷል። አሁን ከዚያች ኩሬ በቀር የምበላበት የለኝም።

ዓሣውን የሚወስደው ቸኮለ የሚባል የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ነው፤ ለሆቴል ያቀርባል። አምባዛን ከነነፍሱ ካልሆነ አይወስድም። መብራት ስለሌለ በረዶ የለም፣ አምባዛ ደግሞ ነፍሱ ጠንካራ ናት፣ ከውኃ ወጥቶም ውሎ ያድራል። እና በርሜል ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ ይጠቀጥቅና ጥቂት ውኃ አልብሶ በባጃጅ ይወስደዋል። እኔም ነጋዴ የሚያውቀውን ያውቃል ብየ ዝም አልሁ።

የመስቀል ሰሞን መንገዱ ተዘጋ። ቸኮለ ከኬላ ተመልሶ በርሜሉን ግቢየ አስቀመጠና «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ነገ ያለው ሰንብቶ ነው። የከፈለበት ነውና የሰው ንብረት አልነካም ብየ ክዳኑን እንኳ ሳላነሣ ቆየሁ። በኋላ ግን አላስችለኝ አለና ከፈትሁት። ከላይ ያሉት አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ከሥር ያሉት ሞተዋል። የመካከሎቹ ከሬሳውና ከሚሞተው መሐል ተጠቅጥቀው ጺማቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጄ፣ ስንት በሬ ሲታረድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቢላም አቀብያለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ቁጭ ብየ አለቀስሁ።

ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሥላሴ ተናገርሁ። ወሬ አይደለም፣ ንስሐ ነው። እሳቸውም «ዓሣ ከውኃ ሲወጣ በምን ይሞታል?» አሉኝ። «ትንፋሽ አጥቶ» አልሁ። «ትንፋሽ አጥቶ የሞተ ምን ይባላል?» «የታነቀ።» «ሐዋርያት ከታነቀ ራቁ ብለው የለምን?» አሉና ተነሡ። «ከእንግዲህ ከነነፍሱ ብትሸጭው፣ በደረቅም ላይ ጥለሽ ብታንቂው ግዝት ይሁንብሽ። እንደ ማንኛውም እንስሳ ባርከሽ እረጅው!»

መሪጌቶቹ ሰምተው «ዓሣ ምን አንገት አለውና ይታረዳል፣ ጌታችንስ በልቶት የለም ወይ» እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ! የተገዘትሁት እኔ ነኝ። አንተ የዓሣ ማረጃ ቤት እንደምትሠራ ክንፈሚካኤል ነግሮኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታርዱት? አንገቱስ የቱ ጋ ነው? የነቢያት ጾም ሲገባ የከተማው ሰው ዓሣ ስለሚበላ ቸኮለ በርሜሉን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ቶሎ ጻፍልኝ።

የማንኩሳ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ።

አክስትህ ወይኒቱ


ሰሜን ኖርዌይ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አክስቴ ለወይኒቱ፤

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይጠግንልኝ፤ ቤትዎን፣ ከብትዎን፣ ኩሬዎንም ጭምር ይባርክልኝ። እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ወር እዚህ ፀሐይ አትወጣም። ቀኑም ማታ ነው፤ ሰው በአምፖል ይኖራል። ደብዳቤዎን ሳነብ ግን ማንኩሳ ደርሼ ተመለስሁ። ጽሕፈትዎ ከእኔ ይበልጣል፣ አልሳቅሁም።

መሪጌቶቹ ልክ ናቸው፤ አንገት የለውም። እንዲህ ያድርጉ። አምባዛውን በእርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኝተው ከዓይኖቹ በላይ ያለውን የራስ ቅል በከባድ ዱላ አንዴ አጥብቀው ይምቱት። ራሱ ድንጋይ ነውና አይዘኑለት። ቀስ ብለው ከመቱት ነው የሚያሠቃዩት። ዓይኑ ፈዞ፣ ሰውነቱ ሲላላ ያን ጊዜ አያውቅም፤ ተኝቷል ማለት ነው። ወዲያው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን በቢላ ይቁረጡት፤ ደሙ ይፈስና ሳይነቃ ይሞታል። ሞትስ ለማንም አይቀር፣ ይኸኛው ግን አጭር ነው።

እኛም የምንሠራው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ ዱላውን የሚይዘው ማሽን ነው። እዚህ ሳልመን የሚሉትን ትልቅ ዓሣ ባሕር ውስጥ በመረብ ጉረኖ ያረቡታል፤ ሲያድግ በቱቦ ወደ ፋብሪካው ይሳባል። ማሽኑ ራሱን ይመታዋል፣ ቀበቶው ወደ እኔ ያመጣዋል፣ እኔ ስንጥቡን እቆርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው። እናቴ ቄስ ይሆናል ብላ ነበር የምታስበኝ፤ ይኸው ካራ ይዤ ቀረሁ።

ማሽኑም ይስታል። ዓሣው ሁሉ እኩል አይደለም፤ ትንሽ ሲመጣ ማሽኑ ከራሱ በላይ ይመታና ዓሣው እንደነቃ ያልፋል። አንድ ብቻ ሲሆን በእጄ ባለው ዱላ እደግመዋለሁ። ሦስት አራት ተከታትለው ሲመጡ ግን አይደረስባቸውም። ቀበቶው አይጠብቅም። ያን ጊዜ ነቅተው እያዩኝ እቆርጣቸዋለሁ። ማቆሚያ ቀይ ቁልፍ አጠገቤ አለ፤ «የነቃ ዓሣ ከመጣ አቁም» የሚል ሕግም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማንም ሲያቆም ግን አላየሁም። አንድ ሰው ካቆመ ሁሉም ይቆማልና።

ይኸን ለምን እንደጻፍሁልዎ እንጃ። የበርሜሉን ነገር ሲነግሩኝ አብሮ ወጣ መሰለኝ።

የአባን መስቀል በእኔ ፈንታ ይሳለሙልኝ።

ልጅዎ ምስክር


ማንኩሳ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስክር፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ በበዓለ ልደቱ ደጃፍ ከወገንህ ያገናኝህ፤

እሰይ የእታለም ልጅ! ያልኸውን ሁሉ አደረግሁ። መጀመሪያ ሳቅህን አዘጋጅ። የባለቤቴን የወይራ ዱላ አወጣሁ። አምባዛውን ብይዘው እንደ ሳሙና ሾልኮ ጎመኑ ውስጥ ገባ። «በስመ አብ» ስል ይዘላል፣ «ወወልድ» ስል ጭቃ ውስጥ ነው፣ «አሐዱ አምላክ» ላይ ሳንደርስ ሁለታችንም ደክሞናል። በኋላ ግን እጄን አመድ ነክሬ ያዝሁት፤ በአመድ አያመልጥም። አንዴ አጥብቄ መታሁት፤ አልሁህ ዝም! ዓይኑ ፈዘዘ። ባርኬ ቆረጥሁት። አንድም አልተንፈራገጠም። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልቤ ዐረፈ።

ዋናው ጣጣ ግን ቸኮለ ነው። ታርዶ፣ ታጥቦ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ቢያየው ጮኸ። «እትዬ፣ የሞተ ዓሣ ማን ይገዛኛል? ፍኖተ ሰላም እስክደርስ ይሸታል! ኬላ ላይ ካቆሙኝማ አለቀልኝ!» አለ። «ግዝት ነው» ብየ ብነግረው «እኔን አልገዘቱኝ፣ እኔ ልጥቀጥቀው፣ እርስዎ ዞር ይበሉ» አለኝ። ዞር ማለት ቀላል ሆነለት! እምቢ አልሁት። ባዶ በርሜሉን እያንኳኳ ሄደ። አሁን ዓሣው ኩሬውን ሞልቶ ይተራመሳል፣ ፉርሽካው አልቋል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ጾም ነውና አይነካም፤ አባ ወልደ ሥላሴ ዓሣን በጾም የሚበላ ከተሜ ስሙ ሲነሣባቸው እንኳ ያማትባሉ። እንግዲህ ልሽጥ ብል ግዝት፣ ልተው ብል ረኀብ። መግቢያውም መውጫውም ጠፋኝ።

ሌላው፣ ደብዳቤህን ለአባ አነበብሁላቸው። የሠለጠነ አገርም አስተኝቶ እንደሚያርድ ይወቁልኝ፣ ደስ ይበላቸው ብየ ነው። ከሰላምታው ጀምሬ አነበብሁ። ለካህን ሲነበብ አይዘለልም። ማሽኑ የሚስተው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። «ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምሁት። «ነቅተው እያዩኝ አለ?» «አዎ አባ።» ከዚያ የክርስትና ስምህን ጠየቁኝ። ራሳቸው ያጠመቁህ ሆነው ስሙን ረስተውት፣ እርጅና ክፉ ነው። ተክለ ሚካኤል ነው አልኋቸው።

አንተንም ገዘቱህ። የነቃ ዓሣ ላይ ካራ እንዳታሳርፍ ነው። እንደኔው ቀላል ነው፤ ሲነቃ አለማረድ ነው፣ ሌላ የለውም። ቁልፉ አጠገብህ አለ ብለህ የለ? በል አቁመውና ዐርፈህ ዱላህን ድገም። ከበረከቱም ታገኝበታለህ።

ለፉርሽካው የምትረዳኝ ቢኖርህ አልጠላም፤ ባይኖርህም አትጨነቅ።

አክስትህ ወይኒቱ


ሰሜን ኖርዌይ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

የያዝነውን ጾም በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽመን። ስለ ጤናዎ እግዚአብሔርን እለምናለሁ።

አክስቴ፣ ምን አደረጉኝ?

የታኅሣሡ ደብዳቤዎ መንገድ ተዘግቶ ኖሮ ክንፈሚካኤል የላከልኝ ትናንት ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ ሳላውቅ ግዝት ስጥስ ከርሜአለሁ። ስንቱን ነቅቶ እያየኝ እንደቆረጥሁት አልቆጠርሁም። አይቆጠርምም። ለእርስዎ የጻፍሁት ለእርስዎ ነበር፤ ለአባ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ብዬ እጽፍ ነበር? ይቅር ይበሉኝ፤ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ቁጣዬን ግን ካልነገርሁዎት ለማን እነግራለሁ?

መጀመሪያ ልተወው አሰብሁ። እዚህ ማን ያየኛል? አባ ማንኩሳ፣ እኔ የምድር ዳር። አንድ ቀን ሙሉ ሞከርሁ። የነቃው ሲመጣ ፊቴን አዙሬ ለመቁረጥ ሞከርሁ፤ ጓንቴን ቆረጥሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እናቴን ሲቀብሩ እኔን ደግፈው የቆሙት እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን ቃል ረግጬ የማድር ሰው አይደለሁም። ብሆን ደስ ባለኝ።

በማግሥቱ ቀዩን ቁልፍ ተጫንሁት። ፋብሪካው በሙሉ ጸጥ አለ። ከኋላዬ ያሉት አንድ ሰው እጁን የቆረጠ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ዱላዬን አንስቼ የነቁትን አንድ በአንድ መታሁና ቀበቶውን አስነሣሁት። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተጫንሁ። የመጀመሪያ ቀን ሳቁ፤ በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። እኔ ሳቆም የእነሱም ሥራ ይቆማል፤ የጎደለውን ጨርሰው ነው የሚሄዱት። ልጅ ከመዋያ የሚያመጡ አሉ፣ እግራቸውን የሚያማቸው አሉ።

አለቃችን ሴት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ጠራችኝና «ሕጉ ካንተ ጋር ነው፤ ግን ለምን ዛሬ?» አለችኝ። የንስሐ አባት፣ ግዝት፣ የክርስትና ስም ምን እንደሆነ ባልተማርሁት ቋንቋ ሳስረዳት አፌ ደረቀ። በመጨረሻ «ቄሴ ከለከሉኝ» አልኋት። ቀበቶውን ቀስ ማድረግ እንደማይቻል ነገረችኝ። ከላይ የሚታዘዝ ነው። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል። የመኖሪያ ወረቀቴ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ውሉ ካልታደሰ እዚህ አገር መቆየት አልችልም። ልመለስ ብል ደግሞ ወዴት? የእናቴ ቤት ተሽጧል፤ መንገዱንም እርስዎ ያውቁታል።

አክስቴ፣ እለምንዎታለሁ፣ አባ ጋ ይሂዱልኝ። ይፍቱኝ። ጾም ይጨምሩብኝ፣ ስግደት ይጨምሩብኝ፣ ምንም ይዘዙኝ፣ ይኸን ብቻ ያንሡልኝ። ሕይወቴ ነው።

ለፉርሽካው ያቅሜን በክንፈሚካኤል በኩል ልኬአለሁ።

ምስክር


ሰሜን ኖርዌይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣ ሰላምዎ ይብዛ።

መልስዎ አልደረሰኝም። ክንፈሚካኤልም ምንም የለም ይላል። ደብዳቤዬ ያልደረስዎት እንደሆነ ብዬ ደግሜ ጻፍሁ፤ ለአባ ይንገሩልኝና ያስፈቱኝ። ከተቀየሙኝ ደግሞ በፊቱ ደብዳቤ የደፈርሁትን ይቅር ይበሉኝ፤ ልጅ በአክስቱ ካልተቆጣ በማን ይቆጣል።

አለቃዋ ሁለተኛ ጠርታኛለች። በዚህ ሳምንት ትንንሹ ዓሣ ስለበዛ ማሽኑ ይብስ ይስታል። እኔ አቆማለሁ፣ እነሱ ያማርራሉ። የሥራው በር ላይ ስደርስ «ዛሬ አንድም አይንቃ» ብዬ እጸልያለሁ። ይነቃሉ።

ምስክር


ማንኩሳ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለምስክር፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ሞትን የረታ ጌታ የአንተንም ጭንቅ ድል ይንሣልህ።

ልጄ ተፈትተሃል! ከሁሉ በፊት እሱን አንብብ። ተፈትተሃል፣ እንደ ድሮህ ሥራህን ሥራ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ አንድ ላይ የደረሱኝ በሆሣዕና ዋዜማ ነው። አንብቤ ስጨርስ መሬት ዋጭኝ አልሁ። ቀላል ነው ብየ የጻፍሁልህን ሳስታውስ ምላሴን ልቆርጣት ምንም አልቀረኝ! እኔ ምን አውቃለሁ? ቁልፍ ሲባል የበር ቁልፍ መስሎኝ እንጂ የሰው ሁሉ እንጀራ እሱ ላይ መሆኑን በምን ልወቅ? ቁጣህ ደግ ነው፤ ብትተወው ነበር የሚከፋኝ።

በዚያው ሰዓት ልሮጥ አሰብሁ። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ነው፤ በሕማማት ደግሞ ካህን አይፈታም። አባም ታመው ተኝተዋል አሉኝ። ሳምንቱን ኩሬው ዳር ቁጭ ብየ እየሰገድሁ ጨረስሁት። በፋሲካ ማግሥት የወፍጮውን መጅ አንገቴ ላይ ጭኜ ቤታቸው ሄድሁ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ሦስት ቦታ ዐርፌአለሁ። በመንገድ ያየኝ ሁሉ «ወይኒቱ ማን ገደለች?» ይላል።

ደጃፋቸው ላይ ድንጋዬን እንደተሸከምሁ ተደፋሁ። «ማን ነው?» አሉ። «ወይኒቱ ነኝ፣ ማሩኝ አባ።» «ምን አድርገሽ?» «ልጁን አሳስሬ።» ሁሉን ነገርኋቸው፤ ውልህን፣ ወረቀትህን፣ ምሳ ብቻህን መብላትህን ጭምር። በኋላ «እኔ እኮ ዓሣው እንዳይሠቃይ እንጂ ልጁ እንዲሠቃይ አላልሁም» አሉና አለቀሱ። መስቀላቸውን አስመጥተው በክርስትና ስምህ ፈቱህ። «ባገር ሕግ ይሥራ፤ የቀረውን ለፈጣሪ ነግሬ እጠይቅለታለሁ» አሉ። ድንጋዩን ከአንገቴ ያነሡልኝ ራሳቸው ናቸው፤ በዚያ በደከመ እጃቸው።

የራሴንም ልለምን አፌን ስከፍት ዓይናቸው ተከድኖ አገኘሁት። ደክሟቸዋልና ነገ እመለሳለሁ ብየ ወጣሁ። በማግሥቱ ጉልበቴ አብጦ መነሣት አልቻልሁም። በዳግም ትንሣኤ ማለዳ የአባ መርዶ መጣ።

አሁን እኔን የሚፈታኝ የለም። ሌሎቹ ቄሶች «ነይ እንፍታሽ፣ ምን ችግር አለው» ይሉኛል። ያሰሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው በሌሉበት ለሌላ ሄጄ ብፈታ ከጀርባቸው ያማኋቸው ይመስለኛል። ግትር ነሽ በለኝ፤ ያልተባልሁት ነገር አይደለም። ቸኮለ ከደንበጫ በኩል ሌላ ኩሬ አግኝቶ እኔን ትቶኛል። ፋሲካ ስለሆነ ለጎረቤት አርጄ የሸጥሁት ነበር፤ እሱም ከበዓሉ በኋላ ቀዘቀዘ። ፉርሽካም ቢኖር የሚገዛ የለም። ትልልቆቹ አምባዛዎች ቀረሶውን ጨርሰው እርስ በርሳቸው መበላላት ጀምረዋል። ልብስ ሳጥብ አያቸዋለሁ። ልጆቹ ኩሬውን ድፈኝው ይላሉ። እነሱን ከውስጥ አፍኜ? እሱም ያው መታነቅ አይደል?

ግድ የለም፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ በትንሽ እኖራለሁ። አንተ ብቻ ውልህን አሳድስ። ይኸ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር አድርጌአለሁ፣ ልጁን አስፈትቻለሁ እያልሁ ነው የምተኛው። «እሺ ታደሰልኝ» ብለህ አንድ መስመር ጻፍልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

አክስትህ ወይኒቱ


ሰሜን ኖርዌይ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ ለወይኒቱ፤

የአባን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያኑርልን። መርዶውን ሳነብ ሥራ ቦታ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ነበርሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ አለቀስሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ስለ እኔ ወፍጮ መጅ ተሸክመው ያን ሁሉ መንገድ መሄድዎን ሳስብ እዚህ አገር የምበላው አይዋጥልኝም።

የጠየቁኝ አንድ መስመር ነበር። ልጽፈው ተቀመጥሁ፤ «ታደሰልኝ» ብዬ ጽፌም ነበር። ቀደድሁት። ለእርስዎ አልዋሽም።

ውሉ አልታደሰም። ምክንያቱን ሥራ ቀንሷል ብለው ነው የጻፉት፤ ስለ ቁልፉ አንድም ቃል የለበትም። ሰኔ መጨረሻ ድረስ እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘሁ ከአገሩ ውጣ ይሉኛል፤ በዚህች ደሴት ደግሞ ከዚህ ፋብሪካ ሌላ የለም። የት እንደምሄድ አላውቅም። ማታ ማታ ካርታ እያየሁ እቀመጣለሁ፤ የትም የምሄድበት አይታየኝም።

መፍታታቸው አልዘገየም። እሱን እንዳያስቡ፤ በጊዜው ደርሶኛል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ውሉ ከመወሰኑ በፊት ነው። ያን ቀን ከሰውነቴ ላይ ሸክም ወረደ። በማግሥቱ ለሥራ ባልደረቦቼ ኬክ ገዛሁ። አለቃዋን አግኝቼ «አለቀ፣ ከእንግዲህ አላቆምም» አልኋት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ እውነቷን ነው ደስ ያላት።

ሁለት ቀን ደህና ሆነ። ማሽኑም አልሳተም፣ ወይም እኔ አላየሁም። በሦስተኛው ቀን ትንንሾቹ መጡ። አንዱ፣ ሁለቱ፣ ሦስቱ፣ ሁሉም ነቅተዋል። ካራዬን አነሣሁ። ተፈትቻለሁ፣ ማንም አይጠይቀኝም፣ እርስዎ ስለዚህች ደቂቃ ብለው ድንጋይ ተሸክመዋል። ይኸን ሁሉ አሰብሁ፤ ያን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። የመጀመሪያው አፉን ይከፍታል ይዘጋል። እጄ ሄዶ ቁልፉን ተጫነው።

ልፋትዎን ከንቱ ስላደረግሁት ይቅር ይበሉኝ። ማረኝ የምለው ሌላ ሰው የለኝም።

አለቃዋ ራሷ መጣች። ጸጥ ባለው ፋብሪካ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ «አሁንም የቄስህ ትእዛዝ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፤ እሳቸው ፈትተውኛል» አልኋት።

«ታዲያ ማን አዘዘህ?»

«ማንም» አልኋት።

ልጅዎ ምስክር